ቀጥ ያለ መስመርና እውነተኛ ልክ

በዚህ ዘመን ልጆቻችን በትምህርት ቤት ከሚማሯቸው ልዩ ልዩ ትምህርቶች መካከል ለብዙ ወላጆች እንግዳ የሆነ አንድ ትምህርት አለ፤ ይኸውም በኮምፒዩተር አማካይነት የዕቃንና የቤትን ንድፍ መንደፍ ነው። በባለሙያዎች ዘንድ «ካድ» በሚል አጭር ስም ይጠራል። እኛ በምናስተምርበት ትምህርት ቤትም በቴክኖሎጂ ክፍለ ጊዜ ይህ ትምህርት ይሰጣልና፥ ከወላጆች ዘንድ ሁለት ዐይነት ጥያቄ ዘወትር ይቀርብልናል። አንዳንዶቹ «ልጃችን ከኮምፒዩተር ፊት ተቀምጣ መስመር ስታሰምር ታመሻለች፤ ይህ ጨዋታ ነው ወይስ ትምህርት?» ይሉናል። ሌሎቹ ደግሞ «መሣሪያው ሁሉን የሚሠራ ከሆነ ልጁ ምን ይማራል?» ብለው ይጠይቁናል። ሁለቱም ጥያቄዎች ከወላጅ ልብ የሚወጡ ስለ ሆኑ በቸልታ ሊታለፉ አይገባም። ስለዚህ ያየነውንና በሥራ የተረዳነውን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት አሰብን።

በቀድሞው ዘመን ነዳፊ የሚባለው ባለሙያ ይሠራ የነበረው ሰፊ ወረቀት በሰሌዳ ላይ ወጥሮ፥ ማስመሪያና ኮምፓስ ይዞ፥ በእርሳስ እያሰመረ ነበር። አንድ መስመር ከተሳሳተ መፋቅ፥ ብዙ ከተሳሳተም ወረቀቱን ጥሎ እንደገና መጀመር ግድ ይሆንበት ነበር። ይህን ሥራ ወደ ኮምፒዩተር ካመጡት ሰዎች መካከል ከቀደምቶቹ አንዱ አሜሪካዊው አይቫን ሰዘርላንድ ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የዶክትሬት ጥናቱን ሲያቀርብ፥ የኮምፒዩተሩን መስተዋት በልዩ ብዕር እየነኩ መስመር የሚያሰምሩበትን «ስኬችፓድ» የተባለ ፕሮግራም አሳየ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1982 «አውቶካድ» የተባለው ፕሮግራም በግል ኮምፒዩተር ላይ እንዲሠራ ሆኖ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ «ፍሪካድ» የተባለው፥ ማንም ሰው ያለ ዋጋ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ለሕዝብ ቀረበ። እኛም የምናስተምረው በዚሁ ነው፤ ገንዘብ የማይጠየቅበት ከመሆኑም በላይ ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት እንኳ ይሠራልና።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ተማሪው በመጀመሪያ በጠፍጣፋ ገጽ ላይ መስመሮችን ያሰምራል። እነዚህ መስመሮች ገና ልቅ ስለ ሆኑ፥ ይዘው ቢጎትቷቸው ወዲያና ወዲህ ይሄዳሉ። ቀጥሎ ለእያንዳንዳቸው ገደብ ይሰጣቸዋል፤ ይህ መስመር ከዚያ ጋር ትይዩ ይሁን፥ ይህ ማዕዘን 90 ዲግሪ ይሁን፥ ይህ ርዝመት 400 ሚሊ ሜትር ይሁን እያለ ይወስናል። ገደቡ ሁሉ በተሟላ ጊዜ ንድፉ ወደ አረንጓዴ ቀለም ይለወጣል፤ ከዚያ ወዲያ አንዱም መስመር ከቦታው አይነቃነቅም። በመጨረሻም ለጠፍጣፋው ንድፍ ውፍረት ሲሰጠው፥ ዙሪያውን እያዞሩ ሊመለከቱት የሚቻል ሙሉ አካል ይሆናል።

ልጆች ያንን አረንጓዴ ቀለም እጅግ ይወዱታል። ዳሩ ግን ቀለሙ የሚመሰክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የተሰጡት ቁጥሮች ያልጎደሉና እርስ በርሳቸው የማይጣሉ መሆናቸውን ነው። ቁጥሩ ከእንጨቱ ጋር ይስማማ እንደ ሆነ፥ ዕቃውም ለታሰበለት ሥራ ይበቃ እንደ ሆነ ፕሮግራሙ አያውቅም። ልጁ 20 ብሎ ቢጽፍ 20ን እጅግ ቀጥ አድርጎ ያሰምርለታል፤ እውነተኛው ልክ 35 ቢሆንም «ከየት አገኘኸው?» ብሎ አይጠይቀውም።

ይህንም ለማስረዳት በዐይናችን ያየነውን አንድ ነገር እንናገራለን። ከተማሪዎቻችን መካከል ዕድሜዋ 16 ዓመት የሆነ፥ በአጥቢያዋ ሰንበት ትምህርት ቤት የምታገለግል አንዲት ልጅ አለች። የሰንበት ትምህርት ቤቱ አትሮንስ አርጅቶ ነበርና፥ «አዲሱን እኔ በኮምፒዩተር እነድፈዋለሁ» ብላ ተነሣች። አባቷ በቀን ሥራ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ዕቃ ልታሠራ መሆኑን በሰሙ ጊዜ ደስ ብሏቸው፥ ከዕለት ምንዳቸው ቆጥበው ውፍረታቸው 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ሁለት የዋንዛ ሳንቃዎች ገዙላት።

የአትሮንሱ ንድፍ ቀላል ነበር። ሁለቱ ሳንቃዎች ተመሳቅለው ይቆማሉ፤ ለአንደኛው ከግራ ጠርዙ፥ ለሁለተኛው ከቀኝ ጠርዙ ጀምሮ እስከ ወርዱ እኩሌታ ክፍተት ይበጅላቸውና አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል፤ መጽሐፉም ከላይ በተከፈተው መካከል ይቀመጣል። ልጅቱም «ሳንቃው 20 ከሆነ ለክፍተቱ 21 ይበቃዋል» ብላ አሰበች፤ እንዲሁም ጻፈች። ሁለቱም ንድፎች አረንጓዴ ሆኑ። ሁለት አካላትን በኮምፒዩተር ላይ አገጣጥሞ መፈተን የሚባለው ትምህርት የሚቀጥለው ሳምንት ነበር፤ እርሷ ግን በዓል ስለ ደረሰባት ቸኩላ፥ ንድፉን በወረቀት አሳትማ በሰፈሯ ወደሚገኙ አንድ አረጋዊ አናጢ ይዛ ሄደች።

አናጢው ወረቀቱን ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፥ «ልጄ፥ ይህ ክፍተት አልጠበበም?» ብለው ጠየቋት። እርሷም «ጋሼ፥ በኮምፒዩተር የተለካ ነው» ብላ መለሰች። ሽማግሌውም የ40 ዓመት ልማዳቸውን ትተው ወረቀቱን አመኑ፤ መጋዛቸውን አንሥተው እንደ ተጻፈው ቈረጡ።

ሥራውን ለማየት እኛም ተጠርተን በሄድንበት ቀን፥ አባቷ ቀድመው ደርሰው ነበር። ሁለቱ ሳንቃዎች ቀጥ ብለው በመስቀልኛ ሲቆሙ አንዱ በአንዱ ውስጥ ይገባል፤ መጽሐፍ ለመያዝ ወደሚያስፈልገው ወደ 60 ዲግሪ ዘንበል ሊያደርጓቸው ሲሞክሩ ግን ፈጽመው እንቢ አሉ። አባትየውም የደከሙበትን ገንዘብ አስበው ተቈጡ። ወረቀቱን ዘርግተው፥ «ይኸው፥ እዚህ ላይ ንጹሕ ሆኖ ተጽፏል! እርስዎ ግን እንጨቴን አበላሹብኝ፤ እኔ ለዚህ ሥራ ዋጋ አልከፍልም» አሏቸው። ሽማግሌው መሮአቸውን በእጃቸው እንደ ያዙ ወደ መሬት ተመለከቱ እንጂ አንዲት ቃል አልመለሱም።

በዚያች ሰዓት ልጅቱ ዝም ብትል ኖሮ፥ ነገሩ በሽማግሌው ላይ እንደ ተፈረደ ይቀር ነበር። ከማተሚያ የወጣ ወረቀት በሰው ፊት ትልቅ ክብር አለውና፤ በመጋዝ ከሻከረ እጅ ይልቅ እርሱ ይታመናል። ልጅቱ ግን ፊቷ ቢቀላም ወደ አባቷ ቀረብ ብላ፥ «አባባ፥ እርሳቸው የቈረጡት እኔ የጻፍኩትን ነው። የተሳሳተው የእኔ ቁጥር ነው፤ ጋሼ ጠይቀውኝም ነበር» አለች። አባትየው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ የሽማግሌውን ትከሻ ስመው ይቅርታ ጠየቁ፤ የሥራቸውንም ዋጋ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧቸው።

አናጢውም «እንጨቱ አልጠፋም፤ የጠበበ ይሰፋል። ሰፍቶ ቢሆን ነበር የሚያሳዝነው» ብለው አጽናኗት። ከዚያም አንዱን ሳንቃ በሌላው ጠርዝ ላይ በሚፈለገው መጠን አዘንብለው አቆሙና፥ በግራና በቀኙ በእርሳስ ምልክት አደረጉ። ቁጥር አልጻፉም፤ ሜትርም አላነሡም። ልጅቱ በማስመሪያ ብትለካው ከምልክት እስከ ምልክት 35 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ።

በሚቀጥለው ሳምንት በክፍል ውስጥ ሁለቱን ሳንቃዎች በኮምፒዩተሩ ላይ አንድነት አምጥታ በ60 ዲግሪ አዘነበለቻቸው፤ አንዱ የሌላውን አካል ዘልቆ ሲገባም አየች። ምክንያቱን በሒሳብ መረመርነው። 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሳንቃ በ60 ዲግሪ ሲያዘነብል በሌላው ገጽ ላይ የሚይዘው ስፋት 23 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የሚያልፍበት ሳንቃ ራሱ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላለው፥ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው እስኪወጣ ድረስ ደግሞ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ጎን ይሄዳል። የሁለቱ ድምር 35 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሆነ። የሽማግሌው እርሳስና የኮምፒዩተሩ ሒሳብ በአንድ ቦታ ተገናኙ።

እንግዲህ ይህች ልጅ የተማረችው ምንድን ነው? መስመር ማስመርን ብቻ ከሆነ፥ እርሱን በአንድ ወር ይደርሱበታል። ከዚያ የሚበልጠው ግን በወረቀት ላይ የሚሰፍር ቁጥር ሁሉ በሌላ ሰው እጅ የሚፈጸም ትእዛዝ መሆኑን ማወቋ ነው። ነዳፊው በተሳሳተ ጊዜ ድካሙ የአናጢው ነው፤ ኪሳራው የባለ ገንዘቡ ነው፤ ቤት የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ አደጋው በውስጡ በሚያድረው ቤተ ሰብ ላይ ነው። መሣሪያው አይዋሽም፤ ነገር ግን «ተሳስቻለሁ» ሊል አይችልም። ይህን ሊናገር የሚችለው ሕሊና ያለው ሰው ብቻ ነው።

ልክን ማክበር ለእምነታችንም እንግዳ ነገር አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት የኖኅ መርከብ ርዝመት 300፥ ወርድ 50፥ ከፍታ 30 ክንድ እንዲሆን ታዝዟል። በኦሪት ዘጸአትም የታቦቱ ርዝመት ሁለት ክንድ ተኩል፥ ወርዱና ቁመቱም አንድ አንድ ክንድ ተኩል እንዲሆን ተወስኗል፤ ሙሴም ሁሉን በተራራው እንዳየው ምሳሌ እንዲሠራ ታዘዘ። ሥራውን የፈጸሙት ባስልኤልና ኤልያብ የእጃቸውን ጥበብ ከእግዚአብሔር እንደ ተቀበሉ መጽሐፍ ይመሰክራል። ስለዚህ ልጁ ዕቃ ከመሥራቱ በፊት ምሳሌውን በልክ ማዘጋጀትን ቢማር፥ ከአባቶች መንገድ ወጣ አይባልም።

የብራና ጸሐፊዎቻችንንም እናስብ። ብራናው ተፍቆ ከተዘጋጀ በኋላ፥ ጸሐፊው ብዕሩን ወዲያው ቀለም ውስጥ አይነክርም። አስቀድሞ ጠርዙን በወስፌ እየወጋ ልኩን ያስቀምጣል፤ ከነጥብ እስከ ነጥብም ቀለም የሌለው መስመር ያሰምራል። ይህን መስመር አንባቢው ብዙውን ጊዜ አያስተውለውም፤ የፊደሉ ውበት ግን የተመሠረተው በእርሱ ላይ ነው። ዛሬ ልጆቻችን በኮምፒዩተር ላይ የሚያሰምሩት ረዳት መስመርም ሥራው ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ልዩነት አለ። ኮምፒዩተር የተሠራውን ወደ ኋላ የሚመልስ ትእዛዝ አለው፤ ልጁ 10 ጊዜ ቢሳሳት 10 ጊዜ ይመልሰዋል። ይህ ለሚማር ሰው ታላቅ ጸጋ ነው፤ ነገር ግን በዓለም ያለው ነገር ሁሉ እንዲሁ የሚመለስ ከመሰለው ይጎዳል። በላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን ከአንድ ዓለት የፈለፈሉት አባቶች፥ አንዲት ፍላጭ ያለ ቦታዋ ብትነሣ ሊመልሷት አይችሉም ነበር። በቅርብ ዘመን የደቡብ አፍሪቃው የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች እነዚያን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር መሣሪያ ለክተው ምስላቸውን በኮምፒዩተር አስቀምጠዋል። የዛሬው መሣሪያ የቀድሞውን ሥራ ለመጠበቅ የሚረዳ መሆኑ የሚያስመሰግን ነው፤ ዳሩ ግን መሣሪያው የሚለካው አስቀድሞ በትዕግሥት የተፈለፈለውን ነው።

ስለዚህ ለወላጆች የምንሰጠው ምክር አጭር ነው። ልጃችሁ በኮምፒዩተር ንድፍ ቢነድፍ ጊዜውን በከንቱ የሚያጠፋ አይምሰላችሁ፤ የጸሎቱና የእንቅልፉ ሰዓት ግን እንዳይጣስ ጠብቁለት። በቤት ያለውን ጠረጴዛ፥ መስኮትና በር አስቀድሞ በእጁ ይለካ። ወደ አናጢውና ወደ ግንበኛው ዘንድም ላኩት፤ እነርሱ ከማንኛውም መጽሐፍ የማያገኘውን ያሳዩታል። እንዲያከብራቸውም ምከሩት፤ የእርሱን መስመር ወደ ዕቃ የሚለውጡት እነርሱ ናቸውና።

የጨረሰውን ንድፍ ሊያሳያችሁ በመጣ ጊዜም፥ ትምህርቱን እናንተ ባትማሩት እንኳ ልትጠይቁት የምትችሉት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ይህን ቁጥር ከየት አገኘኸው?» በሉት። «ለክቼ ነው» ካለ እሰየው በሉት፤ «መሣሪያው ነው ያለው» ካለ ግን ማስመሪያውን አቀብሉት። እግዚአብሔር ልጆቻችንን በጥበብና በእውነት ያሳድግልን።