ቁልፉ ማን ቤት ነው?

ሚያዝያ 6 ቀን 2017፣ አሶሳ

የውሃ ቴክኒሻን ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» የምትለው መስመር እንደ ልማዷ መጨረሻው ላይ ተወሽቃለች። ከእሷ ከፍ ብሎ ግን «የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ያለው» ይላል። ያለው! በዚህ ከተማ ስንት ሴት ሞተር ትነዳለች?

ሚያዝያ 9፣ መንጌ ወረዳ

የመንደሩ ፓምፕ አፍሪዴቭ ነው፤ ቆሟል። የውሃ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ በበርታ ቋንቋ ስታስረዳኝ ልጇ ታስተረጉማለች። ከመቆሙ በፊት በየምቱ የሚወጣው ውሃ እያነሰ መጥቶ ነበር። «ሊበላሽ ሲል እጄ ያውቃል» አለች። የፒስተኑ ጎማ ሲያልቅ አንዱ ምልክት ይኸው ነው፤ ያለ ሥልጠና በሽታውን አግኝታዋለች። መድኃኒቱ፣ መፍቻ ቁልፉ፣ ሊቀመንበሩ ቤት ተቆልፎበታል። እሱ ደግሞ ወርቅ ፍለጋ ሄዷል።

ሚያዝያ 10

አፍሪዴቭ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማላዊ ውስጥ ተጀምሮ ኬንያ ውስጥ የተሻሻለ ፓምፕ ነው። ሐሳቡ የመንደር ሰው፣ በተለይም ውሃ ቀጂዋ ሴት፣ ራሷ እንድትጠግነው ነበር። በአንድ ቁልፍ ይፈታል፤ ዘንጎቹም በመንጠቆ እየተያያዙ ይገባሉ፤ ፒስተኑ በቱቦው ውስጥ ስለሚወጣ እንደ ኢንዲያ ማርክ 2 ፓምፕ ከባድ ቱቦ መጎተት የለም። እንዲህ ታስቦለት የተሠራ ዕቃ ቁልፉ ወንድ ቤት ማደሩ ያናድዳል።

በፊንላንድ ድጋፍ የተጀመረው የገጠር ውሃ ፕሮጀክት ኮዋሽ፣ በክልላችንም የገባው፣ ከውሃ ኮሚቴው አባላት ቢያንስ ግማሹ ሴቶች ይሁኑ ይላል። ደግ ነው። ግን ግማሹ የሚቆጠረው በስብሰባ ወንበር ነው፤ ደመወዝ ያለበት ቦታ ሌላ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2019 በ28 አገሮች 64 የውሃና ፍሳሽ ድርጅቶችን ሲያጠና ከሠራተኞቹ ሴቶቹ 18 በመቶ ብቻ ሆነው አገኘ።

ሚያዝያ 14፣ መንጌ

ሊቀመንበሩ ተመልሷል፤ ቴክኒሻንም መጣ። ማብራሪያውን በአማርኛ ጀመረው፤ ሴቶቹ ዝም። የበርታ ልጅ ነውና ቆየት ብሎ ወደ አፍ መፍቻው ሲዞር የጥያቄው ብዛት ፋታ አሳጣው። ለካ የማይገባቸው ሥራው አልነበረም። ዘንጎቹን ያወጡት ሦስት ሴቶች ናቸው፤ አዲሱን ጎማ የገጠመችው ገንዘብ ያዧ።

ቁልፉ ከእንግዲህ እሷ ዘንድ ይቀመጥ ተባለ። ሊቀመንበሩ «በፊርማ ነው የማስረክበው» አለ።

«አንተስ ስትወስደው ፈርመሃል?» አለችው።