አደረሰህ፣ አደረሰሽ፣ አደረሰዎ

በአዲስ አበባ የቆዩ ሰፈሮች ደብተርና እስክሪብቶ፣ ሻማና መርፌ ክር አንድ ላይ የሚሸጡ ጠባብ ሱቆች ዛሬም አልጠፉም፤ በአንዳንዶቹም የመስታወት ሣጥን ግርጌ በላስቲክ የታሰረ የመልካም ምኞት መግለጫ ካርድ ሳይሸጥ ተኝቶ ይገኛል። ሕዝቡ ይህን ፖስት ካርድ ይለዋል፤ ስሙ በጥብቅ ሲወሰድ ያለ ፖስታ፣ በጀርባው አድራሻ ተጽፎበትና ቴምብር ተለጥፎበት ለሚላከው ብቻ የሚገባ ቢሆንም፣ ታጥፎ በፖስታ የሚገባውም ስሙን ከተጋራ ቆይቷል። የላይኛውን ካርድ ቀለም ፀሐይ ጠጥታው አደይ አበባው ሲነጣ፣ ከሥሩ ያሉት ግን ከማተሚያ ቤት እንደ ወጡ ቢጫቸው ደምቆ ይቆያል።

እንዲህ ያለ እስር ያገኘ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በሥዕሉ ላይ ነው፤ ቁም ነገሩ ያለው ግን ከሥዕሉ በታች ባለችው «አደረሰ» በምትል አንዲት ግሥ ላይ ነው። በ1843 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ኮል የተባለው እንግሊዛዊ በጆን ካልኮት ሆርስሊ እጅ ሥዕሉን አሠርቶ ለንደን ላይ ያሳተመው 1,000 ያህል የገና ካርድ፣ ዋጋውም አንድ ሺሊንግ የነበረው፣ ለላኪና ለተቀባይ ስም ብቻ ክፍት ቦታ ተትቶለት ምኞቱ አስቀድሞ ታትሞበት ነበር። ኮል ይህን ማድረግ የቻለው በእንግሊዝኛ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ»ና «እናንተ» በአንድ ቃል ስለሚጠቃለሉ ነው።

የአማርኛ አሳታሚ ይህ ዕድል የለውም። ግሡ በመጨረሻው ላይ የተቀባዩን ፆታ፣ ቁጥርና ክብር የሚያመለክት ጥገኛ ምዕላድ፣ ማለትም ለብቻው የማይቆም የቃል ቁራጭ ይፈልጋልና፣ ካርዱ ገና ገዢ ሳያገኝ ለማን እንደሚላክ መወሰን ግድ ይሆናል። ስለዚህ አሳታሚዎች «አደረሰዎ»ን ወይም «አደረሳችሁ»ን ይመርጣሉ፤ የመጀመሪያው ማንንም አያስቀይምም፣ ሁለተኛውም ቤተሰቡን ሁሉ ይሸፍናል። ምርጫው ብልህነት ነው፤ ነገር ግን ታናሽ እህትን «አደረሰዎ» ማለት ወይ ቀልድ፣ አለዚያም ኩርፊያ ይመስላል። የተጻፈበት አሮጌ ካርድ ካልተጻፈበት የሚበልጠውም ለዚህ ነው፤ በኅትመቱ ሥር በእስክሪብቶ የተጨመረች አንዲት «ሽ» ከወርቅ ቅብ ፊደሎቹ ሁሉ ይልቅ ስለ ሁለት ሰዎች ትናገራለች። (በእንቁጣጣሽ ዕለት የአበባና የመላእክት ሥዕል ይዘው በየደጁ የሚዞሩ ወንዶች ልጆች ይህ ጣጣ የለባቸውም፤ በር የከፈተውን ሰው አይተው ምኞቱን በአፋቸው ይናገሩታል።)

ደብዳቤም በአገሩ በአብዛኛው የሚደርሰው በቤት ደጃፍ ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ቁጥር ስለሆነ፣ የራሱ ሣጥን የሌለው ሰው ካርዱን በመሥሪያ ቤቱ ወይም በትምህርት ቤቱ ሣጥን ይቀበል ነበር። ያለ ፖስታ የተላከ ከሆነ ያቺ «ሽ» ባለቤቷ ዘንድ የምትደርሰው መዝገብ ቤቱ በሙሉ ካነበባት በኋላ ነው።

ካርድ የሚያረጅበት መንገድም አንድ ዓይነት አይደለም። ዓመተ ምሕረቱ የታተመበት በዓሉ ሲያልፍ ሸቀጥነቱ ያበቃል፤ ባለሱቁም የሚያስቀምጠው ለመጣል ስለሚሳሳ ብቻ ነው። ወንጌላዊ የተጠቀሰበት ግን ዕድሜው ሌላ ነው። በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ዓመታቱ በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ ስም በተራ ይጠራሉ፤ ተራው የማን እንደሆነ ለማወቅም በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ማካፈል ይበቃል፤ 1 ከቀረ ማቴዎስ፣ 2 ከቀረ ማርቆስ፣ 3 ከቀረ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ «እንኳን ከዘመነ ሉቃስ ወደ ዘመነ ዮሐንስ አሸጋገረዎ» የሚል ካርድ በ1984 ዓ.ም. ሳይሸጥ ቢቀር፣ በ1988 ዓ.ም. እንደ አዲስ መላክ ይችል ነበር። ዛሬ ከመስታወቱ ሣጥን ግርጌ የሚያገኘው ሰውም አይጣለው፤ ዘመነ ዮሐንስ መስከረም 1 ቀን 2020 ዓ.ም. ይገባል።