ቡኒ ይውጣልን

እናንተዬ፣ አክስታችን እታባ ጡቷን ኦፕራሲዮን ስትሆን ናሙናውን ለእኛ ለእህትማማቾቹ ሰጡን፤ ላብራቶሪ አድርሱ ተብለን። ከጉለሌ ታክሲ ተሳፈርን፣ ፌስታሉን ታቅፈን። ወያላው «ወጥ ከሆነ እንዳይደፋ» ሲለን ሳቅም ዕንባም ተናነቀን።

ላብራቶሪው ሥጋውን ሰም ውስጥ አድርቆ በስሱ ይቆርጥና አንቲቦዲ ያፈስበታል። ሴሉ የኤስትሮጅን ተቀባይ ካለው ኒውክሊየሱ ቡኒ ይሆናል። ከ100 ሴል 1 ቡኒ ከሆነ ፖዘቲቭ ይባላል፤ ታሞክሲፈን የሚታዘዘውም ለፖዘቲቮቹ ነው። ታዲያ ሥጋው ፎርማሊን ሳይገባ ከቆየ ተቀባዩ ይበላሻል፤ ያለው እንደሌለ ሊነበብ ይችላል። የእኛ ዕቃ ላይ ስም እንጂ ሰዓት አልተጻፈም። ስንት ሰዓት እንደገባ ብንጠይቅ የሚያውቅ ጠፋ።

የጥቁር ሴት ካንሰር ባብዛኛው ኔጌቲቭ ነው ሲባል ሰምተን ፈርተናል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአዲስ አበባ ጥናት ግን ወደ 65 በመቶው ፖዘቲቭ መሆኑን አሳይቷል። ለሊቱን እሷን ቁጥር ይዘን አደርን።

ውጤቱ ሲመጣ «ቡኒ ነው?» አልነው ሐኪሙን። ሳቀ። ቡኒ ነው።

እታባ ክኒኗን ከስኒዎቹ ጎን አስቀምጣለች፤ ለ5 ዓመት።