ዘር አይበላም

ደምበጫ ላይ ሰኔ ከባድ ወር ነው። ክብደቱ ከዝናቡ አይደለም፤ ዝናቡስ በረከት ነው። ክብደቱ ከጎታው ነው። የዓምናው እህል የሚያልቅበት፣ የዘንድሮው ደግሞ ገና መሬት ያልነካበት ወር ነው።

ልጅ ሳለሁ በአንዱ ሰኔ የቤታችን ጎታ ባዶውን ቀረ። እናቴ እጇን እስከ ብብቷ ሰድዳ ጥግ ጥጉን ዳበሰች፤ አቧራ የተቀላቀለበት አንድ እፍኝ ጤፍ ይዛ ወጣች። እኛ ልጆቹ ግን ቤት ውስጥ እህል እንዳለ እናውቅ ነበር። ከምድጃው በላይ፣ ጭስ በሚደርሰው ቆጥ ላይ፣ አፉ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ስልቻ ነበር። ታናሽ እህቴ በጣቷ ወደዚያ አመለከተች።

አባቴ ስልቻውን አየ፤ እሷንም አያት። «እሱ ዘር ነው ልጄ። ዘር አይበላም» አለ። ጋቢውን ተከናንቦ በዚያ ዝናብ ወጣ። ሲመሽ ከጎረቤት ሁለት ቁና ጤፍ ተበድሮ ተመለሰ።

ሐምሌ ላይ ስልቻው ተፈታ። ርቦን ያልነካነውን ጤፍ አባቴ በእፍኙ እየዘገነ ጭቃ ላይ በተነው። እኔ ዳር ቆሜ ሳይ እንባዬ መጣ። ለራብ ያልተሰጠ እህል ለጭቃ ሲሰጥ ማየት ለልጅ ከባድ ነው።

ይህን የምጽፈው ጳጉሜን 1 ቀን ነው። እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም የአዲሱን ዓመት ዕቅድ ለመጻፍ ተቀምጫለሁ። ከመጻፌ በፊት ግን የዛሬ 10 ዓመት ዕቅድ የጻፍኩበትን አሮጌ ደብተር አወጣሁ። ስምንት ነገር ጽፌያለሁ። ቤት፣ መኪና፣ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ይህን ያህል ብር በባንክ፤ እንዲህ እያለ ይሄዳል። አራቱ ተሳክተዋል፤ ስለ አራቱም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ልቤን ነካው። ስምንቱም ዐረፍተ ነገሮች የሚያልቁት «ይኖረኛል» በሚል ቃል ነው። «እሰጣለሁ» የሚል የለም፤ «እተክላለሁ» የሚልም የለም። በዚያ ደብተር ውስጥ የሚበላ እንጂ የሚዘራ እህል አልነበረም።

በደብተሩ ራስጌ ደግሞ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ብዬ ጽፌያለሁ። ይህን ቃል ሁላችንም እንላለን። ሐዋርያው ያዕቆብ ነገ ወደዚያች ከተማ ሄደን እንነግዳለን፣ እናተርፋለን ለሚሉ ሰዎች ያስተማረው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ቃሉን ተጠቀምኩበት እንጂ አልኖርኩበትም። ዕቅዱን ብቻዬን አውጥቼ፣ ብቻዬን አጽድቄ፣ ሲያልቅ ለእግዚአብሔር ለፊርማ ነው ያቀረብኩለት። ምን እንዳስብ አልጠየቅሁትም፤ ያሰብኩትን እንዲያትምልኝ ነበር የፈለግሁት።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ያስተማረውን የባለጠጋውን ምሳሌ አገራችን ላይ ቆሜ ሳነብበው ሌላ ነገር ይታየኛል። የዚያ ሰው ኃጢአት እርሻው ማፍራቱ አልነበረም። ሌባ ነው አልተባለም፤ ሰነፍ ገበሬም አልነበረም። ጎተራዬን አፍርሼ ትልቅ እሠራለሁ፣ ያለኝን ሁሉ በዚያ እሰበስባለሁ፣ ከዚያ ለብዙ ዘመን እበላለሁ፣ እጠጣለሁ አለ። በዚያች ሌሊት ነፍሱ ተፈለገች። የአባቴ ልጅ ስለሆንኩ ይመስለኛል፣ የዚያን ሰው ንግግር ደጋግሜ ሳነብ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የዘሩን ነገር። ስለ ዘር አንድም ቃል አልተነፈሰም። ስለ ጎረቤት፣ ስለ ድኻ፣ ስለ እግዚአብሔርም እንዲሁ። መሰብሰብና መብላት ብቻ። ያለ ዘር የሚታቀድ ዕቅድ ጎተራው የቱንም ያህል ቢሰፋ አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

«ታዲያ ዓለም ኃላፊ ናት ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን የዐቢይ ጾምን ሳምንታት እንዴት እንደሰደረቻቸው ልብ በሉ። አምስተኛው እሑድ ደብረ ዘይት ነው፤ የጌታ ዳግም ምጽአት፣ የዓለም ፍጻሜ ይሰበክበታል። ስድስተኛው እሑድ ገብር ኄር ነው፤ አምስት፣ ሁለትና አንድ መክሊት የተቀበሉት አገልጋዮች ነገር ይነበብበታል። በዚህ ሳምንት መጨረሻውን ታሳየናለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት «በተሰጠህ ምን ሠራህበት?» ትለናለች። ፍጻሜውን ያወቀ ሰው ሥራ ይፈታል ብላ አላሰበችም። እንዲያውም ሥራውን በትክክል የሚጀምረው ፍጻሜውን ያየ ነው ብላ ነው ያስተማረችን። እኛ ዕቅድ የምናወጣው ከዛሬ ተነሥተን ወደፊት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረን ከመጨረሻው ተነሥተን ወደ ዛሬ እንድንመጣ ነው።

ያ አንድ መክሊት የተቀበለው አገልጋይም ቢሆን መክሊቱን አልሰረቀም፤ አላባከነም። መሬት ቆፍሮ ቀበረው፤ በኋላም እንዳለ መለሰው። አባቴም ጤፉን ከአፈር ጨምሮታል። ለሩቅ ተመልካች ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ያላቸውን አፈር ውስጥ ከተቱ። ገበሬ ግን ልዩነቱን ያውቃል። ለጤፍ መሬት አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል፤ ዓረሙ ይነቀላል፤ ይጠበቃል። የዘራ ሰው መሬቱን አምኖ፣ ሰማዩን አምኖ፣ ላቡን ጨምሮ ነው። የቀበረ ሰው ግን ጌታውን ፈርቶ ነው። «እኔ በዚህ ዓለም ምንም አልፈልግም» እያልን ዕውቀታችንን፣ ጉልበታችንን፣ ሙያችንን ስንደብቅ ትሕትና ይመስለናል። ብዙ ጊዜ መቅበር ነው።

ስለዚህ ነገር ሳስብ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ከደብረ ኤልያስ የወጡ አንድ አባት ትዝ ይሉኛል። አቡነ ቴዎፍሎስ በዚያች የሊቃውንት አገር በ1902 ዓ.ም. ተወለዱ። በ1963 ዓ.ም. ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆኑ። በ1965 ዓ.ም. በእሳቸው ዘመን ቃለ ዐዋዲ ወጣ፤ በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋም፣ ካህኑም ምእመኑም የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቱም ተወካይ እንዲኖረው፣ ምእመኑ ተመዝግቦ በዓመት መዋጮው ቤተ ክርስቲያኑን እንዲይዝ የሚያዝ ደንብ ነው። ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ሰፊ መሬት ነበራት። ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ በአዋጅ ተወረሰ። ለዘመናት የተደገፈችበት መሬት በአንድ አዋጅ ሲሄድ አጥቢያዎቹ የቆሙት በምእመኑ እጅ ነው።

እሳቸው ግን ፍሬውን ቁጭ ብለው አላዩም። በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። አጽማቸው ተገኝቶ በክብር ያረፈው ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ነው። ገዳዮቻቸው ሰውየውን ቀበሩ፤ የዘሩትን ግን አልነቀሉም። ዛሬ በገጠር በምታገኟት ትንሽ አጥቢያ፣ አንዲት እናት ከመቀነቷ ጫፍ ፈትታ የሰበካ ጉባኤ መዋጮዋን ስትከፍል፣ የደብረ ኤልያሱ ልጅ የዘሩት እየበቀለ ነው። ሞት ያላቋረጠው ዕቅድ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በተለይ ጎጃም ያላችሁ፣ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ልቤ አያርፍም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ስንት ዕቅድ መንገድ ላይ ቀረ! ትምህርት ቤት ተዘግቶ ፈተና ሳይቀመጥ ዓመታት ያለፉት ተማሪ አለ። መንገድ ተዘግቶ ንግዱ የቆመ፣ የሠርጉን ቀን ቆርጦ የወንድሙን ለቅሶ የተቀመጠ አለ። ለእነዚህ ሰዎች «ዓላማ ይኑራችሁ» ብሎ መምከር ቀላል አይደለም። ዓላማ ነበራቸው፤ የተሰበረው እሱ ነው።

እኔ የምላችሁ ግን ይህ ነው። ዲግሪው ቢዘገይ፣ ሱቁ ቢዘጋ፣ መንገድ ሊዘጋበት የማይችል ግብ አለ። ትምህርት የተቋረጠበት ልጅ ታናናሾቹን ፊደል ሲያስቆጥር እየዘራ ነው። ነጋዴው በዚህ ውድነት ቁናውን ሳያጎድል ሲሰፍር እየዘራ ነው። ቂም የያዘው ሰው ይቅር ሲል፣ ወላጆቹን ያጣውን የጎረቤት ልጅ ከልጆቹ ጋር አንድ ትሪ ላይ ሲያቀርብ እየዘራ ነው። ይህን ማንም አይቀማውም፤ ሞትም ቢሆን። የተሰበረባችሁን ዕቅድ እግዚአብሔር ይጠግነው ዘንድ እጸልያለሁ። እስኪጠግነው ድረስ ግን ስልቻው ባዶ አይደለም።

አሁን ወደ አባቴ ልመለስ። ያን ዓመት ኅዳር መጨረሻ ጤፉ ታጨደ፤ አውድማ ላይ ተወቃ። እኔና እህቴ የአዲስ ጤፍ እንጀራ በዓይናችን እየዞረ ክምሩን ከበን ቆምን። አባቴ ቁናውን አነሣ። መጀመሪያ ሁለት ቁና ሰፍሮ ለብቻ አስቀመጠ፤ የጎረቤት ዕዳ ነው። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ብሎ ሰፈረ። ሦስተኛ ስልቻውን አምጥቶ ከክምሩ መርጦ ጥሩ ጥሩውን ሞላና አፉን አሰረው፤ ዘር ነው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እናቴ ዘወር ብሎ «በይ፣ አሁን ለልጆቹ» ያለው።

በዚያን ጊዜ ተራችን መጨረሻ መሆኑ ብቻ ነው የታየኝ። ዛሬ ግን ከዚያ የተሻለ የዕቅድ አወጣጥ የሚያስተምረኝ አላገኘሁም። የዘንድሮውን ደብተሬን በእሱ ተራ ነው የምጽፈው፤ ለእናንተም የምመኘው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ዕዳ። ማንን አስቀይሜያለሁ? የማንን ገንዘብ፣ የማንን ቃል ይዣለሁ? ከንስሐ አባቴ ጋር ሳልነጋገር ስንት ዓመት ሆነኝ? አዲስ ዓመት በአሮጌ ዕዳ ላይ አይታቀድም። እኔ ሁለት ዓመት ያላናገርኩት ወንድም አለኝ፤ ደብተሩ ላይ የመጀመሪያው መስመር የእሱ ነው።

ሁለተኛ የእግዚአብሔር ድርሻ። ከገንዘቤ ብቻ ሳይሆን ከቀኔም። ጠዋት ከስልኬ በፊት ለጸሎት የምቆምባት ጊዜ፣ ሰንበትን ለቅዳሴ መተው። ከተረፈ የሚሰጥ ሳይሆን ከክምሩ ራስ የሚሰፈር።

ሦስተኛ ዘር። ለራሴ ፍሬውን ባላየው እንኳ የምተክለው ምንድን ነው? የማስተምረው አንድ ልጅ፣ የማሳየው ሙያ፣ የማቆመው መልካም ሥራ። ዘር ደግሞ ከክምሩ ጥሩ ጥሩው ነው፤ ለልጆቻችን የደከመ ጉልበታችንን፣ ለአገልግሎት የተረፈ ሰዓታችንን ብቻ አንስጥ።

አራተኛ እንጀራ። ቤቱም፣ ትምህርቱም፣ ሥራውም እዚህ ይግባ። አንዱንም አልሰርዝም። አባቴ ልጆቹ እንዲበሉ ነው ያረሰው፤ እግዚአብሔርም እንጀራ እንደሚያስፈልገን ያውቃል። የተለወጠው ተራው ብቻ ነው።

ጳጉሜን ከ12ቱ ወራት 30፣ 30 ቀን ተቆጥሮ የተረፈች አምስት ቀን ናት፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ስድስት ትሆናለች። አባቶቻችን የዕለተ ምጽአት መታሰቢያ ያደርጓታል፤ የሚችል ይጾማታል፣ ጠበል ይጠመቅባታል፤ በሩፋኤል ቀን ዝናቡን እንደ ጠበል ቆሞ ይቀበላል። መጨረሻውን አሳስባ ታሳድረንና በማግስቱ መስከረም 1 መጀመሪያ ላይ ታቆመናለች። ደብረ ዘይትና ገብር ኄርም እንደዚሁ ናቸው፤ መጨረሻው ቀድሞ፣ ሥራው ተከትሎ።

እህቴ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ባለፈው ስንጫወት «ያን ሰኔ ራቡን አላስታውሰውም፤ የማስታውሰው አባባ ስልቻውን ሲያይና እኔን ሲያየኝ ነው» አለችኝ። «ለሁለታችንም ያዘነ ይመስል ነበር፤ ለእኔም ለዘሩም» አለች። እግዚአብሔርም ራባችንን አይቶ የማያልፍ፣ ዘራችንንም የማያስበላን አባት ነው።

በእነዚህ ቀናት ስልቻችሁን ከቆጡ አውርዳችሁ እዩት። ምን አለበት? ባዶ ከሆነም አትደንግጡ፤ አባቴ በዝናብ ወጥቶ ተበድሮ ነው ቤቱን ያቆመው። ዘንድሮ አንድ እፍኝ ይበቃል። ጤፍ ከእህል ሁሉ ታናሽ ናት፤ እኛን ያሳደገችን ግን እሷ ናት።

አዲሱ ዓመት የሰላም፣ የምሕረትና የዘር ዓመት ይሁንልን። አሜን።