የምጽዋት መዝገብ

የመቱ ካርል ሆስፒታል የሚጠራው በተዋናዩ ካርልሃይንዝ ቦም ስም ነው። ቦም በ1973 ዓ.ም. በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርቦ፣ ከሦስት ተመልካች አንዱ እንኳ ለተራቡት አንድ ማርክ አይሰጥም ብሎ ተወራረደ፤ አልተሳሳተም። በተሰበሰበው ግን «ሰዎች ለሰዎች»ን መሠረተ። ሰጪዎቹ ያመኑት በመካከል የቆመውን ሰው ነው።

እኔም ባለፈው ዐቢይ ጾም የሰንበት ትምህርት ቤታችንን የምጽዋት ገንዘብ ይዤ ነበር። አንዲት እናት «ዲያቆን፣ የሰጠነው የት ደረሰ?» ቢሉኝ ተቆጣሁ። ሳንቲም አልነካሁም፤ ነገር ግን አልመዘገብሁም።

ሐዋርያው ጳውሎስ እንኳ ለኢየሩሳሌም ድኾች የተዋጣውን ብቻውን አልያዘም፤ ነቀፋ እንዳይኖር ከቲቶ ጋር ወንድሞችን ላከ (2ኛ ቆሮ. 8፥16-21)። እንግዲህ የምንሰጥ ከማማታችን በፊት እንጠይቅ፤ የምንይዝም ሳንጠየቅ መዝገቡን እንግለጥ።