«አባቴ፣ ተመርቀዋል»

የሰው እንግሊዝኛ ማረም የከተማ መዝናኛ ሆኗል። ባለሥልጣን መድረክ ላይ አንድ ግሥ ከሳተ ቪዲዮው ሳይመሽ ከስልክ ስልክ ይዞራል። የሱቅ ታፔላ ላይ ፊደል ከጎደለ ፎቶ ይነሳል። «ስቱደንትሶች» ያለ ልጅ ብዙ ቁጥሩን ሁለቴ አብዝቷልና ይሳቅበታል። ሳቂው ግን በዚያው አፉ «መምህራኖች»፣ «ሕፃናቶች»፣ «ቃላቶች» ይላል። ስህተቱ አንድ ዓይነት ነው፤ የመጀመሪያው በእንግሊዝኛው፣ ሁለተኛው በግእዙ ላይ የተሠራ። በግእዙ ሲሆን ግን የሚስቅ የለም።

ጋይንት ለቃል ግድ የሌለው አገር አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያው ቤተ ልሔም እዚያ ነው። ድጓ የሚማር ሰው አንዲት የዜማ ምልክት ቢስት የኔታ ያስመልሱታል፤ ደግሞ ይላል፣ ደግሞ ይመለሳል። እዚያ ግን የሚያርመው ሰው ያስተማረው ሰው ነው። በስልክ የሚያርመው ማንን አስተማረ?

ከነፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባውን ልጅ እንውሰድ። እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ተምሯል። 9ኛ ክፍል ሲደርስ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ሆነበት። ቋንቋውን ያገኘው ከመጽሐፍና ከጥቁር ሰሌዳ ነው፤ የሚናገረው ሰው በሰፈሩ የለም፣ መምህሩም የመጣው በዚያው መንገድ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ውድቀቱን ሁሉ በቋንቋ ማሳበብ አይቻልም። ነገር ግን ፊዚክሱን ለመሳሳት እንኳ መጀመሪያ ጥያቄው ሊገባ ይገባል። እንዲህ ተምሮ የመጣ ልጅ ግሥ ቢያጣምም ምን ያስቃል?

የውጭ ቃል መዋሱም በራሱ ነውር አይደለም። መኪናና ጎማ ከጣሊያን መጥተው አማርኛ ሆነው ቀርተዋል። የታሸገ ውሃ ሁሉ «ሃይላንድ» ተብሎ የአንድ ፋብሪካ ስም የጠርሙሱ ሁሉ ስም ሆኗል፤ ይህም ቢሆን ማንንም አልጎዳም። ገበሬው ዩሪያን ከነጆንያው ያውቀዋል። ኮማንድ ፖስትና ድሮን የሚሉት ቃላትም በዚህ አካባቢ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ነገሩ ራሱ ደጃፍ ድረስ ከመጣ ቃሉ ይገባል።

የሚያስቆጣው ሌላ ነው፤ ከጠረጴዛ ወዲያ ያለው ሰው ከወዲህ ላለው የሚናገረው እንግሊዝኛ።

ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ሴፍቲኔትን በደንብ ያውቁታል። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ስሙን እንደያዘ ገባ፤ የወደቀን ሰው የሚቀልብ መረብ ማለት መሆኑን ለገበሬው የነገረው ብዙ የለም። አቅም ያለው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ እህሉን ወይም ገንዘቡን ይቀበላል። እስከዚህ ደህና ነው። ቤተሰቡ «ራሱን ችሏል» ተብሎ ከፕሮግራሙ ሲወጣ ግን ሰነዱ በእንግሊዝኛ የሚለው «ግራጁዌሽን» ነው። ቢሮው ይህን ቃል ይዞ ዩኒቨርሲቲ የሚያውቀውን ትርጉም ለጠፈበት፤ «ምርቃት» አለው።

ምርቃት በጋይንት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ሊከነክነው ይገባል። ምርቃት ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ የሚሰጠው ነው። ምርቃት በገበያ ቀን ሰፍራ የሸጠች ሴት «እስቲ መርቂልኝ» ስትባል ከላይ ጣል የምታደርጋት እፍኝ ነች። በሁለቱም በኩል ቃሉ መጨመር ነው። አሁን አንድ ወጣት ባለሙያ መዝገቡን ገልጦ ለአንድ አዛውንት «አባቴ፣ ተመርቀዋል» ይላቸዋል። ትርጉሙ ስምዎ ተሰርዟል፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እህል የለም ማለት ነው። በቀጣዩ ክረምት ዝናብ ቢያጥር የሚበሉት ይኑራቸው አይኑራቸው ሌላ ጥያቄ ነው። አዛውንቱ ግን መቃወም እንኳ ይከብዳቸዋል፤ ምርቃትን ማን ይቃወማል? «ከዝርዝሩ ወጥተዋል» ቢባሉ «ለምን? በምን መስፈርት? አቤት የምለው የት ነው?» ይሉ ነበር።

ጤና ተቋም ሲገባ ደግሞ ይብሳል። ከተማ ውስጥ «ፖዘቲቭ አስተሳሰብ» ጥሩ ነው፣ «ነጌቲቭ ሰው» መጥፎ ነው። ላቦራቶሪ ሲደርስ ይገለበጣል። «ውጤትዎ ነጌቲቭ ነው» የተባለች እናት ደንግጣ ልትወጣ ትችላለች፤ «ፖዘቲቭ» የተባለው ደግሞ ተመስገን ብሎ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። «በሽታው አልተገኘብዎትም» ለማለት ሁለት ቃል በቂ ነው፤ ሌላ በጀት አይጠይቅም። «ሪፈር» እንኳ በጊዜ ብዛት ለምዷል፤ ላሟን ሸጣ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር መሄድ ማለት እንደሆነ ሰው በኪሱ ተምሮታል።

«ፕሮሰስ ላይ ነው» የሚለውን መዘርዘር አያስፈልግም። ማን እንደያዘው፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ጭራሽ ተጀምሮ እንደሆነ ምንም አይናገርም። ከእስቴ ገጠር ግማሽ ቀን በእግሩ የመጣ ሰው በዚህ ቃል ተመልሶ ይሄዳል፤ በሳምንቱም ይመጣል፣ ቃሉም እዚያው ይጠብቀዋል።

አሳዛኙ ነገር ከጠረጴዛው ወዲያ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ባዕድ አለመሆኑ ነው። ግቢ ውስጥ በእንግሊዝኛው የተሳቀበት ያ የስማዳ ወይም የእስቴ ልጅ ነው። ተመርቆ፣ ያኛውን ምርቃት ማለት ነው፣ ወደ ወረዳው ተመልሷል። እንግሊዝኛ ለሚያውቀው ሰው ሲናገር ይፈራል፤ ለአባቱ እኩያ ሲናገር ግን አራሚ የለበትምና ይዝናናል። ደግሞም ቃሉ ይከልለዋል፤ «አላውቅም» ወይም «አልሠራሁትም» ከማለት ያድነዋል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ማዳመጥ ይጠቅማል። የማዕረጋቸው ስም ራሱ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ፕሮግራሙ ሲጀመር ግን ሴቶቹ ከዚያው ከሚያገለግሉት አካባቢ እንዲመለመሉ የተደረገው በምክንያት ነበር። ክትባት ያስከተበቻትን እናት ነገ ገበያ ላይ ታገኛታለች፣ ለቅሶ ላይ አብራት ትቀመጣለች። ስለዚህ «ልጅሽ ዛሬ ማታ ቢያተኩሰው አትደንግጪ፣ ሁለት ቀን ካለፈው ግን አምጪው» ትላለች።