ክለብ በ1 ፓውንድ፣ ትኬት በ30

በእንግሊዝ አንድ ሙሉ ክለብ ከአንድ ትኬት ረክሶ ተሽጧል። እ.ኤ.አ. በ1885 የተመሠረተውና የኤፍኤ ዋንጫን ሁለት ጊዜ ያነሳው በሪ፣ በ2018 መጨረሻ ባለቤት የቀየረው በ1 ፓውንድ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ዕዳውን የሚከፍልበት ገንዘብ እንዳለው ማሳየት አቅቶት ከሊጉ ተባረረ።

ደጋፊውስ? ሀብታሙ ፕሪሚየር ሊግ እንኳ ከ2016 ጀምሮ ለእንግዳ ደጋፊ ትኬት የ30 ፓውንድ ጣሪያ ያበጀው ከብዙ ጩኸት በኋላ ነው፤ ደጋፊዎቹ የጠየቁት 20 ነበር። የባቡሩና የምግቡ ሒሳብ ደግሞ ጣሪያ የለውም።

ባለቤት ሲሰለቸው ሸጦ ይወጣል። ደጋፊ ግን ፍቅሩን የሚሸጥበት ገበያ የለውም፤ ክለቡ ሲወድቅ ቅዳሜው አብሮ ይወድቃል። በ2025 የጸደቀው ሕግ የክለቦችን ገንዘብ የሚከታተል ገለልተኛ ተቆጣጣሪ አቋቁሟል። ተቆጣጣሪው የሚለካው ለቀጣዩ በሪ ከመውደቁ በፊት በመድረሱ ነው።